ቼክ ላይ የጻፋችሁትን ቀን ባንኩ ያየዋል?

እማዬ መጋቢት ላይ ዕቁብ ወጣላት። አሥር ሰው ያለበት፣ በወር 500 ዶላር የሚጣልበት ዕቁብ ነው። ገና ሦስተኛው ዙር ስለነበር ሰባት ወር ይቀራታል። በዕቁባቸው ደንብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ለቀሪዎቹ ዙሮች ቼክ ጽፎ ለጸሐፊው ያስረክባል። እማዬም አንድ ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ሰባት ቼክ ጻፈች፤ እያንዳንዱ ላይ የየወሩን 5ኛ ቀን አደረገችበት። የገንዘቡን መጠን በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ስለዚህ በሚቀጥለው ለሆነው ነገር የእኔም እጅ አለበት።

ሰኔ ላይ የዕቁቡ ጸሐፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ለሁለት ወር አገር ቤት ሊሄዱ ሆነ። ሥራው እንዳይጓደል ብለው የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴን ቼኮች በአንድ ቀን በስልካቸው ፎቶ አንስተው አስገቡ። ክፋት አልነበረበትም። «ባንኩ ቀኑን አይቶ በየወሩ ይከፍላል» ብለው ነው። ባንኩ ግን ሦስቱንም ከፈለ።

የእማዬ ሒሳብ ውስጥ የነበረው 2,050 ዶላር ነው። የሰኔው 500 ብቻ ቢወጣ 1,550 ይቀርና የቤት ኪራዩን 1,450 በደንብ ይሸፍን ነበር። 1,500 ሲወጣ የቀረው 550 ሆነ፤ በማግስቱ የኪራዩ ቼክ ደረሰና ተመለሰ። ባንኩ 35 ዶላር ቆረጠ። አከራዩ ደግሞ ለተመለሰው ቼክ 25፣ ለዘገየው ኪራይ 75 ጠየቀ። በጠቅላላው 135 ዶላር፤ ለእማዬ ይህ ከአንድ ቀን ሥራ በላይ ነው።

እሷን ያስጨነቃት ግን ብሩ አልነበረም። ፖስታውን ከፍታ ሁለት ቀን ደብቃኛለች። ሦስተኛው ቀን ማታ፣ «ልጄ፣ ለደረቅ ቼክ እዚህ አገር ስንት ዓመት ያስራሉ?» አለችኝ። አዲስ አበባ ጎረቤታቸው የነበረ ባለሱቅ በቼክ ምክንያት ሲታሰር አይታለች። ያስገባችው የዜግነት ማመልከቻም ገና መልስ አላገኘም። ሁለቱን ነገር አያይዛ ሁለት ሌሊት አልተኛችም።

እኔም እንደ ልማዴ ሳላነብ መልስ ሰጠሁ። «እማ፣ ስህተቱ የባንኩ ነው። ቀኑ ተጽፎበታል እኮ። ነገ አብረን ሄደን እናስመልሳለን» አልኳት። ሄድን። የባንኩ ሠራተኛ በትሕትና ሰማችኝ፤ ከዚያ እማዬ ሒሳብ ስትከፍት የፈረመችውን ውል ስክሪኑ ላይ አውጥታ አንዱን አንቀጽ አሳየችኝ። ባንኩ አልተሳሳተም ነበር። ከቤት ስንወጣ በልበ ሙሉነት የተናገርኩት እኔ፣ ስንመለስ መኪና ውስጥ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁትን እዚህ የምጽፈው፣ ብዙዎቻችን ለወላጆቻችን የባንክ ደብዳቤ የምናነብ ልጆች ስለሆንን ነው።

ሕጉ የሚለው

አሜሪካ ውስጥ የቼክ ነገር በዋናነት የሚገዛው ዩኒፎርም ኮሜርሻል ኮድ በሚባለው የንግድ ሕግ ነው። ይህ አንድ የፌደራል ሕግ አይደለም፤ ስቴቶች በየራሳቸው ምክር ቤት ያጸደቁት፣ አንዳንዴም ጥቂት ያሻሻሉት ሞዴል ነው። ስለ ቼክ የሚናገሩት ክፍሎቹ 3ኛውና 4ኛው ናቸው።

ክፍል 3 ላይ (3-113) ሕጉ እማዬን የሚደግፍ ይመስላል። ቼክ ላይ ያለፈም ሆነ የወደፊት ቀን መጻፍ ይቻላል፤ ቼኩም ከተጻፈበት ቀን በፊት አይከፈልም ይላል። ነገር ግን እዚያው ላይ «ከሚቀጥለው በስተቀር» ብሎ ወደ ክፍል 4 ይልካል። ክፍል 4 (4-401) ደግሞ እንዲህ የሚል ነው፦ ደንበኛው «የወደፊት ቀን የጻፍኩበት ቼክ አለ» ብሎ አስቀድሞ ለባንኩ ካላሳወቀ በስተቀር፣ ባንኩ ቼኩን ከቀኑ በፊት ቢከፍል ከደንበኛው ሒሳብ መቀነስ ይችላል።

ሁለቱን አንድ ላይ ስናነባቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ቼኩ ላይ ያለው ቀን በጸሐፊውና በተቀባዩ መካከል ያለ ስምምነት ነው። ባንኩ የዚያ ስምምነት አካል አይደለም። አካል እንዲሆን ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ሄዳችሁ መንገር አለባችሁ። ስለዚህ እማዬ ቅሬታ ካላት ቅሬታዋ የሚመለከተው ባንኩን ሳይሆን ቼኩን ያለቀኑ ያስገባውን ሰው ነው።

ማሽኑ ቀን አያነብም

ለምን እንዲህ ተደረገ? ቼክ ካላችሁ አውጡና የታችኛውን ጠርዝ እዩት። በተለየ ቀለምና ቅርጽ የታተሙ ቁጥሮች አሉ፦ የባንኩ መለያ የሆነው ባለ 9 አሃዝ ቁጥር፣ የሒሳብ ቁጥራችሁና የቼኩ ቁጥር። ቼኩ ሲስተናገድ የገንዘቡ መጠን ከእነዚህ ጋር ይመዘገባል። ቀኑ ግን እዚያ መስመር ላይ የለም። ቀኑ ያለው ከላይ በቀኝ በኩል በእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ማሽኑም እሱን ሊያነብ አልተሠራም።

የቼክ ሕጉ በ1990 ሲሻሻል አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ቼኮች በብዛት በማሽን መስተናገድ ስለጀመሩ፣ እያንዳንዱን ቼክ ሰው አንስቶ ቀኑን ያየዋል ብሎ መጠበቅ የማይሆን ነገር ሆነ። ከጥቅምት 2004 ጀምሮ ደግሞ «ቼክ 21» የሚባለው የፌደራል ሕግ ሥራ ላይ ሲውል፣ ከወረቀቱ ይልቅ ምስሉ ከባንክ ባንክ መጓዝ ቻለ። ድሮ ቀናት ይወስድ የነበረው አሁን ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይጠናቀቃል። ጋሼ በስልካቸው ያነሱት ፎቶ የሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ የገንዘብ አስገቢው ባንክስ? ቀኑን አይቶ አልቀበልም ማለት ይችላል፤ ብዙ ባንኮችም በስልክ ቼክ ለማስገባት በሚያስፈርሙት ውል ላይ ቀኑ ያልደረሰ ቼክ አታስገቡ ይላሉ። ግን ውሉ የሚያስጠነቅቀው ደንበኛውን ነው። ካስገባችሁት ግን ማለፉ አይቀርም።

ለባንኩ እንዴት ይነገራል?

የወደፊት ቀን ጽፋችሁ ቼክ መስጠት ግድ ከሆነባችሁ፣ ቼኩ ከእጃችሁ ሲወጣ በዚያው ቀን ለባንካችሁ አሳውቁ። ማሳወቂያው የሚሠራው ከስቶፕ ፔይመንት ጋር በሚመሳሰል ደንብ ነው። ልብ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ፣ ቼኩ ሳይምታታ የሚለይበት ዝርዝር ያስፈልጋል፦ የሒሳብ ቁጥር፣ የቼክ ቁጥር፣ ትክክለኛው የገንዘብ መጠን፣ የተቀባዩ ስምና ቼኩ ላይ ያለው ቀን። «ለዕቁብ የጻፍኳቸው ቼኮች» ማለት አይበቃም። መጠኑ ላይ አንድ ዶላር ብትሳሳቱ ኮምፒውተሩ ላያገኘው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ባንኩ ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ ሊኖረው ይገባል። ቼኩ ዛሬ ጠዋት ገብቶ ከሆነ ከሰዓት በኋላ መደወል ዋጋ የለውም።

ሦስተኛ፣ በቃል የተነገረ ማሳወቂያ የሚጸናው ለ14 ቀን ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ ይወድቃል። በጽሑፍ የተሰጠው ደግሞ ለ6 ወር ይጸናል፤ ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ሳያልቅ ማደስ ነው። እማዬ መጋቢት ላይ ሰባቱንም አሳውቃ ቢሆን እንኳ፣ የጥቅምቱ ቼክ ከስድስት ወር ስለሚያልፍ ማደስ ነበረባት። ነርሲንግ ስንማር መጀመሪያ ከሚነገረን አንዱ «ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል» የሚለው ነው። ለባንክም ይሠራል። የሰጣችሁትን ወረቀት ኮፒ፣ የተቀበለውን ሰው ስምና ቀኑን ያዙ።

አራተኛ፣ ባንኩ ለዚህ አገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ሰባት ቼክ ከሆነ ሰባት ጊዜ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ባንኩ ከቀኑ በፊት ቢከፍል፣ በዚህ ምክንያት ለደረሰባችሁ ጉዳት ተጠያቂ ነው። በዚያ ሰበብ የተመለሰ ሌላ ቼክ ያስከተለው ኪሳራም ሊካተት ይችላል። እንደኛው ያለ ያልተነገረ ከሆነ ግን ሕጉ ባንኩን አይጠይቅም።

ወደኋላም ቢሆን ቀኑ ሁልጊዜ አይጠብቃችሁም። ከስድስት ወር በላይ የቆየን ቼክ ባንክ የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ በቅን ልቦና ከከፈለው ግን ሊቀንስባችሁ ይችላል። «ጊዜው አልፎበታል» ብላችሁ የረሳችሁት ቼክ አንድ ቀን ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ያሳስራል ወይ?

የእማዬ ጥያቄ ይህ ነበር። በየስቴቱ ሆን ብሎ ሰውን በማታለል ገንዘብ የሌለው ቼክ መስጠትን የሚቀጣ ሕግ አለ። የሕጎቹ ዋና ነጥብ ግን ሐሳቡ ነው፦ ጸሐፊው ሊያታልል አስቦ ነበር ወይ? የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ተቀባዩ እያወቀ የተቀበለው ሲሆን፣ በአጠቃላይ «ዛሬ ገንዘብ አለኝ» የሚል ቃል ሳይሆን «በዚያ ቀን እከፍላለሁ» የሚል ቃል ነው። የተዘጋ ሒሳብ ቼክ መስጠት፣ ወይም እንደማይከፍሉ እያወቁ ዕቃ ወስዶ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው።

የእማዬ ኪራይ ቼክ የተመለሰው ቼኩን ስትጽፍ ገንዘቡ እያለ፣ ሌላ ሰው ያለቀኑ ባስገባው ቼክ ምክንያት ነው። የማታለል ሐሳብ የለበትም፤ ልትከፍለው የሚገባ ዕዳ እንጂ ወንጀል አይደለም። ይህን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። ከባንኩ መልሴ በኋላ ባታምነኝ አልፈርድባትም። የኮሌጃችን የተማሪዎች የሕግ ምክር ቢሮ የሚሠሩ ጠበቃ ሲያረጋግጡልኝ ነው የተረጋጋችው። ብዙ ኮሌጆች እንዲህ ያለ ቢሮ አላቸው፤ ከመጨነቃችሁ በፊት እዚያ ሂዱ። እኔ የነርሲንግ ተማሪ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም።

እስር የለም ማለት ግን መዘዝ የለም ማለት አይደለም። ሒሳባችሁ በተደጋጋሚ ከዜሮ በታች ወርዶ ካልከፈላችሁ ባንኩ ሊዘጋው ይችላል። የተዘጋበት ምክንያት ቼክስሲስተምስ ለሚባለው የባንኮች መረጃ ድርጅት ከተላለፈ እስከ 5 ዓመት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ሌላ ባንክ ሄዶ ሒሳብ መክፈት አስቸጋሪ ይሆናል።

ቼኩን የምትቀበሉት እናንተ ስትሆኑ

የክፍል ጓደኛችሁ መጽሐፍ ገዝቷችሁ፣ ወይም አብሯችሁ የሚኖረው የኪራይ ድርሻውን በሚቀጥለው ሳምንት ቀን ጽፎ ሊሰጣችሁ ይችላል። ጠብቁ። ቀድማችሁ ካስገባችሁት ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስ ደግሞ ብዙ ባንኮች አስገቢውንም ያስከፍላሉ። ከዚያ በላይ የሰው እምነት ይጎዳል።

ሌላም ነገር አለ። በፌደራል ደንብ መሠረት ባንክ ካስገባችሁት ቼክ ላይ የመጀመሪያውን የተወሰነ ገንዘብ በአብዛኛው በማግስቱ የሥራ ቀን እንድታወጡ መፍቀድ አለበት፤ ይህ መጠን ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 275 ዶላር ነው። ገንዘቡን ማውጣት ቻላችሁ ማለት ግን ቼኩ ጸድቋል ማለት አይደለም። ከቀናት በኋላ ሊመለስና ገንዘቡን ከእናንተ ሊወስዱት ይችላሉ። «የቤት ውስጥ ሥራ» ብለው ለተማሪ ቼክ ልከው «ትርፉን መልስልኝ» የሚሉ አጭበርባሪዎች የሚጫወቱት በዚህ ክፍተት ነው። ከማታውቁት ሰው በመጣ ቼክ ላይ ለማንም ገንዘብ አትመልሱ።

ዕዳ ሰብሳቢ ቼክ ሲጠይቅ

ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅቶች ግን የተለየ ጥብቅ ሕግ አለ። በ1977 የወጣው የፌደራል ሕግ፣ ዕዳ ሰብሳቢ ከአምስት ቀን በላይ ወደፊት የተጻፈበት ቼክ ከተቀበለ፣ ከማስገባቱ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቃችሁ ያስገድደዋል፤ ማሳወቂያው የሚሰጠው ከሚያስገባበት ቀን ቢያንስ 3፣ ቢበዛ 10 የሥራ ቀን ሲቀረው ነው። ከቀኑ በፊት ማስገባት፣ ወይም «አስገባዋለሁ» ብሎ ማስፈራራትም ክልክል ነው። ይህ ሕግ በዋናነት የሚመለከተው የሌላ ሰው ዕዳ የሚሰበስቡትን ነው። የራሱን ኪራይ የሚሰበስብ አከራይም ሆነ የዕቁብ ጸሐፊ በዚህ ውስጥ አይገቡም።

ዘመድ ሌላ አገር ካለ

ብዙዎቻችን ካናዳ፣ ዱባይና አገር ቤት ዘመድ አለን። የአንዱን አገር ደንብ ይዞ ሌላው አገር መሄድ አደጋ አለው፤ እማዬም ጋሼም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ካናዳ ውስጥ የጋሼ እምነት ወደ እውነት ይቀርባል። በዚያ የክፍያ ሥርዓት ደንብ ቼክ ከቀኑ በፊት መስተናገድ የለበትም። ቀድሞ ከወጣባችሁ ቀኑ ሳይደርስ ለባንካችሁ ብታመለክቱ ይመለስላችኋል። ኦንታሪዮ ውስጥ ደግሞ አከራይ የወደፊት ቼኮችን ተከራዩ በፈቃዱ ሊሰጠው ይችላል እንጂ ግዴታ ሊያደርግበት አይችልም።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ውስጥ የዓመት ኪራይን በተከታታይ ቼኮች መክፈል የተለመደ ነው። ድሮ የተመለሰ ቼክ በቀላሉ ያሳስር ነበር። ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ በሒሳብ ገንዘብ ማነሱ ብቻውን ወንጀል መሆኑ ቀርቷል። ባንኩ በሒሳቡ ያለውን ያህል በከፊል ይከፍላል፤ ለቀሪው ባለገንዘቡ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሆን ብሎ ባንኩ እንዳይከፍል ማዘዝ ወይም ሒሳቡን ቀድሞ መዝጋት ግን አሁንም ያስቀጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው። ከተጻፈበት ቀን በፊት ቢቀርብም በቀረበበት ዕለት ይከፈላል። «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ሲሆን፣ እንደ ነገሩ ክብደት ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። የእማዬ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አልነበረም። አገር ቤት ለንግድም ሆነ ለዕቁብ «ለመያዣ ብቻ ነው» ተብሎ ቼክ እንድትፈርሙ ብትጠየቁ፣ ወረቀቱ መያዣ መሆኑን እንደማይናገር አስታውሱ።

ከቼክ የተሻለ አለ?

አብዛኛውን ጊዜ አለ። የባንካችሁን ቢል ፔይ ብትጠቀሙ ቀኑን የምታዙት እናንተ ናችሁ፤ ክፍያው ከመላኩ በፊትም ልትሰርዙት ትችላላችሁ። ተቀባዩ በየወሩ በኤሌክትሮኒክ እንዲወስድ ፈቅዳችሁ ከሆነ፣ ከቀኑ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድማችሁ ለባንኩ በመንገር ማስቆም በፌደራል ደንብ መብታችሁ ነው። በእጃችሁ ጥላችሁ ከሄዳችሁት ፊርማ ይህ በጣም ይሻላል።

የእኛስ ነገር እንዴት አለቀ? ባንኩ ግዴታ ባይኖርበትም 35 ዶላሩን ለአንድ ጊዜ ብሎ መለሰ፤ እማዬ ራሷ ጠይቃ ነው፣ እኔ ከጎኗ ዝም ብዬ ቆሜ። አከራዩ ግን 100 ዶላሩን አልተወም። ጋሼ ነገሩን ከአገር ቤት በስልክ ሲሰሙ በጣም ደነገጡ፤ መቶውን ዶላር በልጃቸው በኩል ላኩ። እማዬ አልቀበልም አለች፣ እሳቸውም አልመልስም አሉ፤ ሁለት ሳምንት ከተጋፉ በኋላ የዕቁቡ ዳኛ ተቀበይው ብሎ ፈረደ። የሐምሌና የነሐሴ ዕጣዋም ቀድሞ ስለተከፈለ ሁለት ወር አረፈች።

መስከረም ላይ ዕቁቡ ደንቡን ቀየረ። አሁን የወጣለት ሰው ሁለት ዋስ ይጠራል፤ በየወሩም ራሱ ይልካል። የቀሩትን ሁለት ቼኮች ጋሼ ለእማዬ መለሱላት። ቀዳ ጣለቻቸው፤ ግን መጀመሪያ እኔን ጠርታ፣ «ቀድጄ ብጥለው በሕግ ያስጠይቀኛል ወይ?» አለችኝ። በዚህኛው ጊዜ መልሱን አውቀው ነበር።